ጠቅልሎ መግባት፦ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ቤተሰብ የአማራጮች ንጽጽር

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሌላ የአሜሪካ ከተማ ልጆቹን ይዞ ጠቅልሎ ለመግባት ያሰበ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቤት ዋጋና ስለ ኮንቴይነር ሒሳብ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከእነርሱ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። ይህ መመሪያ አማራጮችን የሚያወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ውሳኔው ሳይስማማ ቢቀር ለመቀልበስ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚለው ነው። የተከራዩትን ቤት መልቀቅ ቀላል ነው፤ የሸጡትን የሜሪላንድ ቤት መልሶ ማግኘት ግን አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በ3 በመቶ ገደማ ወለድ የቤት ብድር የወሰደ ሰው ዛሬ በዚያ ወለድ የሚያበድረው ባንክ አያገኝም። ለመቀልበስ የሚከብደውን ውሳኔ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት እስኪያልፍ ማቆየት ይሻላል የሚለው አቋም ከዚህ በታች በተነሡት ጉዳዮች ሁሉ ላይ ይንጸባረቃል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወይስ አንዱ ቀድሞ?

በተግባር የሚታዩት አካሄዶች ሦስት ናቸው። አንዳንዱ ቤተሰብ አባትን ወይም እናትን አስቀድሞ ይልክና ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ሥራው ከተመቻቸ በኋላ የቀረው ይከተላል። ሌላው ሁሉም በአንድ አውሮፕላን ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ እናትና ልጆች አዲስ አበባ ገብተው አባት፣ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ፣ ዶላር እየሠራ እዚያው የሚቆይበት ነው።

ቀድሞ መላክ የጥንቃቄ መንገድ ይመስላል። ሆኖም ቀድሞ የገባው ሰው እህቱ ቤት አርፎ፣ ምሳውን ከጓደኞቹ ጋር በልቶ፣ በራይድ እየተንቀሳቀሰ የሚያያት አዲስ አበባ ሁለት ልጆችን በማለዳ ቀስቅሶ፣ በዝናብና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ የሚያያት ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ቀድሞ መግባት የሚጠቅመው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ለሚፈጅ፣ አስቀድሞ ለተዘረዘረ ሥራ ብቻ ነው። ሦስተኛው መንገድ በገንዘብ ረገድ ከሁሉም እንደሚያዋጣ አይካድም፤ ግን «ለአንድ ዓመት» ተብሎ ይጀመርና ማብቂያው ይጠፋል። የማብቂያ ቀን ካልተቆረጠለት ባይጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ክረምቱን መጥቶ መሞከርም እንደ ሙከራ ሊቆጠር አይገባም፤ ልጆቹ ትምህርት የለባቸውም፣ ዘመድ በየቀኑ ይጋብዛቸዋል፣ ወላጆችም ሥራ ላይ አይደሉም። እውነተኛው ሙከራ የአሜሪካውን ቤት አከራይቶ፣ ሁሉም አብሮ ገብቶ፣ አንድ የትምህርት ዓመት መኖር ነው።

ከቤተሰቡ አባላት መካከል ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ካለ ግን ይህ ምክር ሌላ ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ነዋሪው የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአሜሪካ ውጭ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ካርዱ ለመመለስ አያገለግለውም። ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት የሚሰጥ ሲሆን ማመልከቻው መቅረብ ያለበት ሰውየው ገና አሜሪካ ሳለ ነው። ከስድስት ወር በላይ መቆየትም ለዜግነት የሚቆጠረውን ተከታታይ የነዋሪነት ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። ለዜግነት ማመልከቻ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው ጉዞውን አዘግይቶ ዜግነቱን ቢጨርስ፣ የዘገየበት ጊዜ በኋላ ከሚገጥመው ጣጣ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ቢጫ ካርድ ወይስ ዜግነትን ማስመለስ?

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ መልሶ ለማግኘትም ወደ አገሩ ተመልሶ መደበኛ መኖሪያውን እዚህ ማድረግ፣ የያዘውን የሌላ አገር ዜግነት መተውና ማመልከት ይኖርበታል። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድና ያለ ሥራ ፈቃድ መኖርንና መሥራትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆንን እንዲሁም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ይፈቅዳል። የሚከለክለው መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት ተቀጥሮ መሥራትን ነው። ካርዱ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሁሉ ስለሚሰጥ አሜሪካ ለተወለዱት ልጆችም ይደርሳል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። በምርጫ ለመወዳደር ወይም በተከለከሉት መሥሪያ ቤቶች ለመቀጠር ካልታሰበ በቀር ቢጫ ካርዱ የቤተሰብን ኑሮ ለመምራት ይበቃል፤ የአሜሪካን ዜግነት መተው ግን ዳግም የማይገለበጥ ገጽ ነው። ካርዱን አሜሪካ እያሉ በኤምባሲው በኩል ማውጣት፣ ከዚያም አዲስ አበባ እንደገቡ ለፋይዳ፣ ማለትም ለብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ መመዝገብ ይመከራል፤ ባንኮች ሒሳብ ሲከፍቱ የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃሉና። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የልጆች የክትባት መዝገብም በዚያው አገር መረጋገጥ ያለባቸው ተረጋግጠው፣ በኤምባሲው ማኅተም ተመትቶባቸው ቢመጡ ከብዙ መመላለስ ያድናሉ።

ትምህርት ቤት፦ ከሁሉ ቀድሞ መወሰን ያለበት

ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ የሚያስፈልገው ገቢም የሚከተሉት ትምህርት ቤቱን ነው። አማራጮቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው፤ በውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች፣ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት በብዛት በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶች፣ እና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች። ከመጀመሪያዎቹ መካከል ኢንተርናሽናል ኮሚኒቲ ስኩል በአሜሪካ ሥርዓት፣ ሳንፎርድ በእንግሊዝ ሥርዓት፣ ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳይ ሥርዓት ያስተምራሉ። በእነዚህ የሚማር ልጅ ቤተሰቡ ሐሳቡን ቢቀይር ወደ አሜሪካ ተመልሶ ሳይቸገር በክፍሉ ይቀጥላል። ዋጋው ግን ትልቅ ነው፤ በዶላር ወይም በዶላር ተሰልቶ ሊጠየቅ ስለሚችል በብር ደመወዝ ሁለት ልጅ ማስተማር ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቻል ነው።

በአገሪቱ ሥርዓት ውስጥ የሚገባ ልጅ የሚጠብቁትን ፈተናዎች ማወቅ ያስፈልጋል። የትምህርት እርከኑ አሁን 6–2–4 ሲሆን በአዲስ አበባ በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ አገር አቀፍ ፈተና አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደርሰዋል። ይህ ቁጥር ስለ ልጁ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም፤ ነገር ግን በአሜሪካ ሥርዓት አሥር ዓመት ተምሮ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ወደዚህ ፈተና ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ምርጫው በልጁ ዕድሜ ይለያያል። ከሦስተኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ በጥሩ የግል ትምህርት ቤት ቢገባ አማርኛውን ከእኩዮቹ ጋር ይደርስበታል። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ከሁሉም የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልጅ በአማርኛ የተነገረውን ሁሉ ይሰማል፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ፊደልም አልቆጠረም። እንግሊዝኛና ሒሳብ ላይ የክፍሉ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ የአማርኛ መምህሩ ምንባብ አንብብ ሲሉት ግን «ሀ ሁ» ላይ ካሉት ከታናሽ እህቱ የክፍል ጓደኞች እኩል ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ በእኩዮቹ ፊት ይህ የሚያሳፍረው ነገር ነው። 231ዱን ፊደላት ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት እዚያው መቁጠር፣ በየቀኑም አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ማንበብ የዚህን ኀፍረት ግማሹን ያስቀራል። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል የሚሰጠውን የአማርኛ ትምህርት ለዓመታት «ጊዜ የለንም» እያሉ ላለፉ ወላጆች የመጨረሻው ዕድል ይህ ነው።

ዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ያለው አማራጭ በእኔ ግምት ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት፣ ወይ አሥራ ሁለተኛን እስኪጨርስ ጉዞውን ማዘግየት። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነጥብ አለ፦ ቤተሰቡ ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ነዋሪነቱን ሲያነሣ ልጁ በግዛቲቱ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪዎች የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ክፍያ የማግኘት መብቱን ሊያጣ ይችላል። በነዋሪና በነዋሪ ባልሆነ ተማሪ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት በአራት ዓመት ውስጥ ለቤተሰቡ ከኮንቴይነሩም ከአውሮፕላን ቲኬቱም የሚበልጥ ወጪ ነው።

የዶላር ገቢ፣ የብር ደመወዝ ወይስ የራስ ሥራ?

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ይህ ለውጥ ገቢው በዶላር ለሆነ ቤተሰብና ገቢው በብር ለሆነ ቤተሰብ ሁለት የተለያዩ አዲስ አበባዎችን ፈጥሯል። አሜሪካ ላለ ድርጅት ከአዲስ አበባ ሆኖ መሥራት በገንዘብ በኩል ተወዳዳሪ የለውም፤ ሰዓቱ ግን ቤተሰቡን ይነካል። በዋሽንግተን የጠዋቱ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት በእነርሱ የብርድ ወራት በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእነርሱ የሙቀት ወራት 10 ሰዓት ነው። በመደበኛ ሰዓት የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚጨርሰው ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እርሱ ሥራ ይገባል። አሠሪው በሰዓቱ ካልጸና፣ ወይም ሥራው በውጤት የሚለካ ከሆነ፣ ይህ አማራጭ ከሁሉም ይመረጣል። የኢንተርኔት መስመር ከአንድ በላይ መያዝና መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ መግዛትም የሥራው ወጪ አካል ነው።

በአገር ውስጥ መቀጠር የብር ገቢ ቢሆንም በደንብ የተደራጀ ጡረታ አለው፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌለ እዚህ የተሠራው ዘመን እዚያ አይደመርም። በአሜሪካ ለጡረታ የሚያበቃው 40 ነጥብ፣ ማለትም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ሥራ፣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ የሚመለስ ሰው የቀረውን ሳይሞላ መሄዱን ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

የራስን ሥራ መክፈት የብዙ ተመላሾች ምኞት ነው። የሥራው ዓይነት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ባይሆንም አንድ ነገር ግን ሊባል ይገባል፤ ሁሉን ቁጠባ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ብር ለውጦ አንድ ሥራ ላይ ማፍሰስ ከላይ ከተገለጸው መለኪያ ጋር የሚጋጭ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ለዲያስፖራ በተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ገንዘብን በዶላር ማስቀመጥ ይቻላል። የአሜሪካ ዜጋ ግን የትም ቢኖር የገቢ ግብር ማሳወቂያ ያቀርባል፤ በውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈም ይህንኑ ለብቻው ማሳወቅ ግዴታው ነው። በውጭ በሥራ የተገኘ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2025 እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከአሜሪካ የገቢ ግብር ነፃ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ስለሚባል ከውጭ የሚያገኘው ገቢም ይታያል፤ ሁለቱን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ማማከር እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

ቤት፦ ኪራይ፣ ግዢ ወይስ በመሠራት ላይ ያለ አፓርትመንት መጠበቅ?

ለመጀመሪያው ዓመት መልሱ ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራዩ «ከአሜሪካ ነው የመጡት» ብሎ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢጠይቅ ይህን አዋጅ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ደላላውም ቢያጉረመርም ያውቀዋል።

ቤት ሲታይ ሳሎኑን ከማድነቅ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። በላይኛው ፎቅ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ከፍቶ ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ ውኃው ከመስመር ይሁን ከሮቶ መለየት፣ የሮቶውን መጠንና ፓምፑ የሚሠራ መሆኑን ማየት፣ ውኃ በሰፈሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን የጎረቤትን ዘበኛ መጠየቅ ይጠቅማል። ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ለብቻው ወይስ ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል፤ የጋራ ቆጣሪ በየወሩ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። አፓርትመንት ከሆነ ጄኔሬተሩ አሳንሰሩን ብቻ ነው ወይስ ቤቱንም የሚያበራው? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተከራይ እምብዛም ነው።

ሰፈሩ ትምህርት ቤቱን ይከተል ያልነው በምክንያት ነው። ልጁን ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ሊሴ አስመዝግቦ አያት ወይም ሰሚት የተከራየ ቤተሰብ ከተማዋን ከጫፍ እስከ መሐል በቀን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። በግቢ አፓርትመንትና በቆየ ሰፈር መካከልም ልዩነት አለ። አፓርትመንቱ ለመብራት፣ ለውኃና ለጥበቃ ይመቻል፤ የቆየው ሰፈር ግን ዕድር አለው። የዕድር አባል መሆን ለተመላሽ ቤተሰብ ከየትኛውም ትውውቅ በፍጥነት ጎረቤት ያደርጋል፤ አያቶች አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግዢን በተመለከተ ገና በመሠራት ላይ ያለ አፓርትመንት ቅድሚያ ከፍሎ መግዛት ዋጋው የቀነሰ ቢመስልም የማስረከቢያ ጊዜው ለዓመታት የሚራዘምበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ገንዘቡንም ለማስመለስ ረጅም ክርክር ይጠይቃል። ያለቀና ካርታ ያለው ቤት ውድ ቢሆንም የሚገዛው ነገር ይታያል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደመሆኑ ገዢው የሚያገኘው የይዞታ መብት ነው፤ ስለዚህ የሊዝ ዘመኑንና ቀሪ ክፍያውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ ቤቱም በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ አለመግባቱን ከክፍለ ከተማው ማረጋገጥ ይኖርበታል። በፒያሳና በካዛንቺስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነባር ቤቶች መፍረሳቸው ለዚህ ምስክር ነው። ከአሜሪካ ሆኖ በውክልና መግዛት የግድ ከሆነም ውክልናው ለአንድ የተወሰነ ቤትና ለተወሰነ የገንዘብ መጠን ብቻ ቢሰጥ ከዘመድም ጋር መቀያየምን ያስቀራል።

ከአዲስ አበባ ውጭስ? ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለኑሮ የቀለለች ናት፤ ቢሾፍቱና አዳማ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ ምክንያት ለመዲናዋ ቅርብ ናቸው። ሆኖም በውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚማር ልጅ ላለው ቤተሰብ ምርጫው ጠባብ ነው። ባሕር ዳር ልቡ ያለው ሰው ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ከግምት ማስገባት አለበት።

ዕቃና መኪና

ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ጠቅልለው ለሚገቡ ሰዎች የተፈቀደው የቤት ዕቃ የቀረጥ መብት በመመሪያ የሚወሰን በመሆኑ ከኤምባሲውና ከጉምሩክ ሳያረጋግጡ መጫን አይገባም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ነው፤ ማይክሮዌቭ፣ ልብስ ማድረቂያና ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ እዚያው ቢሸጥ ይሻላል። መጻሕፍት፣ አልጋ ልብስ፣ ላፕቶፕና የልጆች ዕቃ ግን ቦታ ይገባቸዋል፤ በአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ሲባዙ ለአምስት ሰው ቤተሰብ 230 ኪሎ ናቸው፤ ለብዙዎች ይህ ያለ ኮንቴይነር ይበቃል። በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስለተከለከለ ምርጫው እዚህ ያለ አሮጌ መኪና መግዛት ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቻርጀር የሚተከልበት የራስ ግቢ ከሌለ ሁለተኛው ያስቸግራል።

ጤና

ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ የተደረገ ሕክምናን አይከፍልም። ያም ሆኖ 65 ዓመት የሞላው ሰው ወጪ ለመቀነስ ክፍል ቢ የሚባለውን የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና መድን ቢያቋርጥ፣ መልሶ ሲገባበት ለእያንዳንዱ ያለፈ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ጭማሪ ዕድሜ ልኩን ይከፍላል፤ በየዓመቱ ለክትትል ለመመለስ ያሰበ ሰው ባያቋርጠው ይመረጣል። የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በዚሁ ስም ወይም በሌላ አዲስ አበባ መገኘቱን አስቀድሞ ቢያጣራ፣ የሦስት ወር መጠባበቂያም ቢይዝ መልካም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አረጋዊ ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር አይምጣ።

መቼ መግባት?

የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በመስከረም ነው፤ ምዝገባቸው ግን በሰኔና በሐምሌ ያልቃል። ዓለም አቀፎቹ በነሐሴ ይጀምራሉ፤ የመግቢያ ፈተናና ተጠባባቂ ዝርዝርም አላቸው። የአሜሪካ ትምህርት በሰኔ መጀመሪያ ስለሚዘጋ በሰኔ አጋማሽ መግባት ከሁለቱም ጋር ይጣጣማል። ሰኔ የዝናብ መግቢያ በመሆኑ ጉዞው ባይመችም ለቤት ፈላጊ ግን የተሻለ ወር የለም፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ውኃ የሚያቁር ግቢ፣ ጭቃ የሚሆን መግቢያ ሁሉ በዓይን ይታያል። በጥር የሚገባ ቤተሰብ ፀሐይ የሞላበት፣ ለመውደድ የቀለለ ከተማ ያገኛል፤ ልጆቹ ግን በዓመቱ መሐል ይገባሉ፤ የተከራየውን ቤት ጣሪያም የሚያውቀው በሚቀጥለው ሐምሌ ነው።